ሰልሚያን የማያውቋት ሽማግሌዎች

በርበሬ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሰው ፊት አይነበብም። የሁሉም ዓይን ያነባል፣ የሁሉም አፍንጫ ይፈሳል፤ የሚስቀውና የሚያለቅሰው አንድ ይመስላል። ሰልሚያ ከዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቃ ከመጣች ወዲህ የምትውለው እዚያ ነው፤ ቡታጅራ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የአክስቷ ወፍጮ ቤት። ሱቄ ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ሳሏን ከእናቷ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ በርበሬ ሲፈጭ ብቻ ነበር የምትስለው። ቀጥሎ ገብስ ሲፈጭም ሳለች። በኋላ ወፍጮው ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ብቻዋን ወለል ስትጠርግም ትስል ጀመር። ጤና ጣቢያ ያሉት ሐኪም መድኃኒት ጽፈው ሲያበቁ «ከዚህ ብናኝ ካልወጣሽ መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አያደርግልሽም» አሏት። ውጪ ማለት ቀላል ነው። ወዴት እንደምትወጣ ግን ማዘዣው ላይ አልተጻፈም።

ያኔ ቡታጅራ የራሷ ዞን አልነበራትም፤ የዞን ጉዳይ ሁሉ ተራራውን ተሻግሮ ወልቂጤ ነበር። እዚያ ያለ አንድ መምሪያ የቅሬታ ሰሚ ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ሰልሚያ ተመዘገበች፣ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈተነች፣ አለፈች። እስከዚህ ድረስ ፍርሃት የለም። ወረቀት ትችላለች። ፍርሃቱ የመጣው ስልክ ተደውሎ «የቀረሽ የስብዕና ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው» የተባለች ዕለት ነው። ሱቄ ገብታ ጀሪካኖቹ መሃል ቆመች።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይጠይቃሉ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የተደወለላትን ቁጥር አውጥታ አሳየችኝ።

የማያውቀን ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። በእነ ሰልሚያ ቤት ሰው ስለ ሠራው ያወራል፣ ስላየው ያወራል፣ ስለ ጠባዩ ግን አያወራም። ሴት ልጅ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብላ ከጀመረች እናቷ በዓይኗ ትቆነጥጣታለች። ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ጎረቤት ነው የሚናገርላት። ሰው ተከሶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ስለ ደግነቱ እሱ ራሱ አፉን አይከፍትም፤ የሚያውቁት ይናገራሉ፣ እሱ መሬት መሬቱን እያየ ይሰማል። ስለ ራሱ የሚያወራውን «ይሄ ምን ሊደብቅ ነው?» ይሉታል። እንዲህ አድርገን ያሳደግናትን ልጅ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠን ራስሽን አሞግሺ የምንላት። ካላሞገሰች በራስ መተማመን የላትም ብለን ነጥብ እንቀንስባታለን። ይህን ያወጣው ሰው አንድ ቀን እንኳ እዚህ እኛ መስቃን ገበያ ቆሞ ሰው ሲገበያይ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

ነብዩ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ ከሰሜን ተመድበው የመጡ መምህር ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «የኢንተርቪው ሥልጠና እንሰጣለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ራሱ አንድም ኢንተርቪው አልፎ አያውቅም። ወፍጮ ቤቱ ስለሚጮህ የሚያሠለጥናት እኔ ሱቅ ነበር። ጀሪካን ገልብጦ ይቀመጥና ኮሚቴ ይሆናል።

«ስለ ራስሽ ንገሪን።»

«ስሜ ሰልሚያ ይባላል…»

«ስምሽን ያውቁታል። ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?»

የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። ከዚያ በትንሽ ድምፅ «ሰዎች ትዕግሥተኛ ነሽ ይሉኛል» አለች።

«ሰዎች የሉም። ሰዎችን እርሻቸው። እኔ በይ። እኔ ትዕግሥተኛ ነኝ፣ እኔ መሪ ነኝ፣ እኔ በጫና ውስጥ እሠራለሁ። ፈታ በይ እንጂ።»

«እንዴት ነው ሰው እንደዛ የሚለው? ያሳፍራል እኮ ነብዩ።»

«ሼሙን ወፍጮ ቤት ጥለሽው ነይ። ስትገቢ ደግሞ ጠበቅ አድርገሽ ጨብጫቸው።»

«ወንድ አልጨብጥም።»

«እሺ አትጨብጪ። ብቻ ዓይን ዓይናቸውን እያቸው።»

ዓይን ማየቱን እኔ ላይ ተለማመደች። ታየኝና ወዲያው ወደ ጫማዎቹ መደርደሪያ ትሸሻለች። «ጋሼ፣ ምንም አላደረጉኝም፣ ለምንድን ነው የማፈጥብዎት?» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን ወደ ጀሪካኖቹ አዞራለሁ።

ነብዩ አንድ ነገር ላይ ግን አይቀልድም ነበር። «ከሁሉም ከሁሉም ዘመድ እንዳይሸት» ይላታል። «ባለፈው አንዱ አጎቱ ስልክ ደወለለት ተብሎ ከውድድር ውጪ ሆኗል። ሰው ልከሻል ወይ ካሉሽ ‹የለኝም፣ ማንንም አላውቅም›። በቃ። ስታስቢ እንዳያዩሽ፣ ቶሎ ነው የምትመልሺው። በይ እስቲ።»

«የለኝም፣ ማንንም አላውቅም።»

«እንደገና።»

ደጋግማ አለችው። «እኔ ትዕግሥተኛ ነኝ» አፏ ላይ እየተሰበረባት ይቺኛዋ ግን በደንብ ገባችላት። ፍርሃት ያስጠናው ነገር ቶሎ ይያዛል።

አጎቷ ጀማሉ የእናቷ ወንድም ነው። መስቃን ውስጥ በርበሬና እንሰት ያለው፣ ብዙ የማያወራ፣ ያወራውን ደግሞ ሳያደርግ የማይተኛ ሰው። በዚያው ሰሞን በርበሬ ሊያስፈጭ በጋሪ መጣ። ጆንያው እስኪፈጭ እኔ ሱቅ በር ላይ ተቀመጠ፤ ሰልሚያ ውሃ አመጣችለት።

«ከስተሻል» አላት።

«ፈተና አለብኝ፣ አጎቴ። ወልቂጤ።»

«አልፌያለሁ አላልሽም እንዴ?»

«ሌላ ነው። ስለ ጠባዬ ነው የሚጠይቁት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ።»

ጀማሉ ኩባያውን ከአፉ አወረደ። «ደግ። መጠየቁስ ደግ ነው። ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«እኔን።»

«ስለ አንቺ? አንቺን?»

«አዎ።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ፣ ልጅቷ ተሳስታ ሰምታ እንደሆነ እንዳጣራለት። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። «አንቺን ጠይቀው ምን ሊያገኙ?» አለ። «ሌባም ቢሆን ሌባ ነኝ አይል። በደንብ ስላልነገሩሽ ነው። ሰው ይዘሽ ቅረቢ ማለታቸው ነው።»

«አይደለም አጎቴ። ወላሂ ብቻዬን ነው የምገባው።»

«ብቻሽን ገብተሽ እንዴት ነው የሚያውቁሽ?»

ወፍጮው ጠፋ፤ በርበሬው አልቋል። ጀማሉ ተነሥቶ ጆንያውን እየጫነ «እናያለን» አለ። ሰልሚያ ማሳል ጀምራ ስለነበር አልሰማችውም። እኔ ሰምቻለሁ፣ ግን ቁም ነገር ብዬ አልያዝኩትም።

ወልቂጤ የሄደችው ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ነው፤ ባሂራ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ዘንድ አደረች። ከዚህ በኋላ ያለውን እሷ ከነገረችኝ ነው የምጽፈው። እየደጋገመች ነው የነገረችኝ፤ ሲያማት ቁስሏን እንደምትነካካ ሰው።

ጠዋት በመምሪያው ኮሪደር ላይ ተፈታኞቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሱፍ የለበሰ አለ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያጠና አለ። አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ በስልኳ እየሳቀች ታወራለች፤ ሰልሚያ ያቺን ሳቅ ላለመስማት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳል እንዳይመጣባት ምራቋን ትውጣለች። ሻሿን ታስተካክላለች። ሲጠሯት «እኔ ትዕግሥተኛ ነኝ» እያለች በልቧ ተነሣች።

ከጠረጴዛው ኋላ ሰብሳቢው አቶ ፈቃደ፣ አጠገባቸው ወይዘሮ ሰገነት የሚባሉ የሰው ሀብት ኃላፊ፣ ዳር ላይ ደግሞ ቃለ ጉባዔ የሚይዝ ሰው። ክፉዎች አልነበሩም ትላለች። ወይዘሮ ሰገነት እንዲያውም ውሃ ቀዱላት።

«ስለ ራስሽ ንገሪን።»

ተናገረች። «እኔ ትዕግሥተኛ ነኝ» ስትል ጆሮዋ እንደ እሳት ነደደ፤ እናቷ ከበሩ ኋላ የምትሰማት መሰላት። ግን አለችው። አቶ ፈቃደ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቁ፣ መለሰች። ሦስተኛውንም መለሰች። ትንፋሿ ገና መመለስ ሲጀምር በሩ ተንኳኳና ዘበኛው አንገቱን አስገባ።

«ይቅርታ። ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ አሉ። በሰልሚያ ጉዳይ ነው የመጣነው፣ አስገባን እያሉ ነው።»

 ቃለ ጉባዔ የሚይዘው ሰው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ።

አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «የኔ እህት፣ ሰው ልከሽብን ነው የመጣሽው?»

«የለኝም። ማንንም አላውቅም።»

ሳታስብ ነው ያለችው። ቶሎ። ልክ ነብዩ እንዳስተማራት፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች። ከተናገረች በኋላ ነው በመስኮቱ በኩል የአጎቷን አረንጓዴ ካፖርት ያየችው።

«አላውቃቸውም እያለች ነው፣ መልሳቸው» አሉ አቶ ፈቃደ። ዘበኛው ሄደ። ጥያቄው ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ምን እንደጠየቋትና ምን እንደመለሰች እስከ ዛሬ አታስታውስም።

በሩ ላይ የሆነውን ደግሞ ጀማሉ ነው የነገረኝ። ከእሱ ጋር የሄዱት አባ ሀያቱና ኡበይድ ናቸው። አባ ሀያቱ የእኛ ሰፈር ሽማግሌ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራ። ኡበይድ ጨው ነጋዴ ነው፤ ሀያቱ ያለበት ሁሉ አለ። ቀኑን ከእናቷ ጠይቀው፣ የሚናገሩትን ተከፋፍለው፣ ማን ስለ ልጅነቷ ማን ስለ ሥራዋ እንደሚናገር ተነጋግረው ነው የመጡት። ጉቦ የለ፣ ስልክ የለ፣ የሹም ዘመድ የለ። ለእነሱ ይህ ማማለድ አልነበረም፤ ጠባይዋ ሊጠየቅ ነው ተብሎ የሚያውቋት ሰዎች ቤታቸው ቢቀመጡ ነበር ነውሩ።

ዘበኛው ተመልሶ «አባቶች፣ ልጅቷ አላውቃቸውም ብላለች» አላቸው።

ጀማሉ አፉን ሊከፍት ሲል አባ ሀያቱ ክንዱን ያዘው። «ልክ ናት» አለ ለዘበኛው። «እኛም አናውቃትም። የምንፈልጋት ሌላ ሰልሚያ ናት። መሥሪያ ቤቱን ተሳስተን ነው፣ ልጄ።»

ዘበኛው ፀሐዩን አይቶ ወንበር አወጣላቸው፤ ውሃም ሰጣቸው። ጠጥተው አመስግነው ወጡ።

ሰልሚያ ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከኋላዋ ሌሎች ተፈታኞች እየወጡ ነው፤ ወይዘሮ ሰገነትም ለምሳ ሊወጡ በሩ ላይ ቆመዋል። ልትሄድላቸው ፈለገች፣ ፈራች። ትታቸው ልታልፍ ፈለገች፣ እሱንም ፈራች። መንገዱ መሃል ቆማ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋባት። ጀማሉ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። አባ ሀያቱ ግን ተነሥቶ ወደ እሷ መጣና፣ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ልጄ፣ እንግዶች ነን። መናኸሪያው በየት በኩል ነው?» አላት።

«በ… በዚህ በኩል ነው አባባ።»

«ካላስቸገርንሽ አሳዪን።»

መናኸሪያው ድረስ እንደ እንግዳ መንገድ እያሳየች ወሰደቻቸው። እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሷ ሊሉ የነበረውን ሲያጠኑ ያደሩ ሰዎች፣ እሷ መንገድ መሪ። ሚኒባሱ ውስጥም አልተነጋገሩም፤ ከመምሪያው የሆነ ሰው ቢኖርስ ብለው። የቸሃ ወረዳ እንሰት በመስኮት እያለፈ፣ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ብቻ ሰልሚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ኡበይድ ሊያባብል ፈልጎ «ሳሉ ነው? በርበሬ እኮ እስከዚህ አይከተልም» አላት። ማንም አልሳቀም። አባ ሀያቱ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ቡታጅራ መጣ። አልተኛም ነበር ትላለች።

ውጤቱ ሲለጠፍ አልፋለች። አንደኛ ናት።

የሚደሰት ሰው ጠፋ። አክስቷ እልል ልትል ጀምራ የልጅቷን ፊት አይታ ተወችው። ምክንያቱም ከስሟ ሥር አንድ መስመር አለ፤ ያለፈ ሰው ከሚኖርበት ቀበሌ የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ ያምጣ ይላል። ቀበሌ ስትሄድ ማዕዶት የምትባለው ጸሐፊ ደንቡን ነገረቻት፤ ለሥነ ምግባር ማስረጃ ዘመድ ያልሆኑ፣ በሰፈሩ የታወቁ ሦስት ሰዎች ቀርበው ይመስክሩ።

ሦስት ሽማግሌ። ያን ቀን በሩን ያንኳኩት፣ ቢሮው የመለሳቸው። አሁን ግን በወረቀት ሲሆን ደንብ ሆነ፣ በእግሩ ሲመጣ አማላጅ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያፋጨኛል።

አንደኛው ምስክር እኔ ሆንኩ፤ አባ ሀያቱን ለመጠየቅ ግን ሰልሚያ አፈረች። ኡበይድን ጠየቅነው፣ «ሀያቱ ካለ እኔ መች እጠፋለሁ» አለ። ሀያቱ ካልመጣ እሱም እንደማይመጣ ገባን። ሌላ ሰው ብንጠይቅስ? ሰፈሩ ሁሉ የወልቂጤውን ወሬ ሰምቷል። «ሀያቱ ያልመሰከረላትን እኔ ምን ብዬ?» የማይል አልነበረም። የማስረጃው ቀን እየደረሰ ነው፤ ካላቀረበች ተጠባባቂው ይገባል። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ሳሏን እሰማለሁ። ወፍጮው ሳይሠራ ነው የምትስለው።

በመጨረሻ ተያይዘን አባ ሀያቱ ቤት ሄድን። ጀማሉም መጣ። አሰላሙ አለይኩም፣ ወአለይኩሙ ሰላም፣ ተባባልን። ሰልሚያ በሩ አጠገብ ቆመች፤ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ይቅር ይበሉኝ አባ ሀያቱ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ፈርተሽ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ሚኒባስ ላይ እያለሁ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

«እንግዲያው ነገ ቀበሌ…» ልል ስጀምር እጁን አነሣ።

«አንተ ባለ ሱቅ፣ አትቸኩል። እኔ ዘበኛው ፊት ቆሜ አላውቃትም ብያለሁ። ያን ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው። ግን ብያለሁ። አሁን ቀበሌ ሄጄ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ ብል፣ የትኛው ነው የእኔ ቃል?»

«ማን ይሰማዎታል? ወልቂጤና ቡታጅራ!» አልኩ። ተናድጄ ነበር። «ልጅቷ ሳንባዋ እያለቀ ነው፣ እርስዎ የቃል ነገር ያወራሉ?»

«ሳንባዋ ያሳዝነኛል» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ቃሌም ያሳዝነኛል። ወልቂጤ ትሂድና የተባለውን ታቃና። እኛ ማን እንደሆንን ትንገራቸው። ከዚያ ሱሪዬን ቀይሬ እመጣለሁ።»

«ቢያባርሯትስ?» አለ ጀማሉ።

አባ ሀያቱ ሊሸኘን ተነሣ። ለእሱም ከባድ እንደሆነ ከፊቱ አየሁ፤ ግን እኔ ያኔ ሰውዬውን ጠልቼው ነው የወጣሁት።

ሰልሚያ ሄደች። በዚህኛው ጉዞ የፈራችውን ያህል ለፈተናው አልፈራችም ነበር። ያኔ የምትፈራው ሥራ ማጣትን ነው፣ አሁን ያገኘችውን ራሷ ይዛ ሄዳ ልታስረክብ ነው። መንገዱን ሁሉ የምትለውን አጠናች፤ በዚህኛው ነብዩ የለም። ነብዩማ ሲሰማ «አብደሻል? ማን ጠየቀሽ?» ነው ያላት።

አቶ ፈቃደን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው፣ ፋይል አቅፈው ሲቸኩሉ። ወይዘሮ ሰገነትም አብረዋቸው ነበሩ።

«ሰልሚያ ነኝ። ያለፍኩት። አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት።» ሳሏ ያዛት፣ ጠበቋት። «በቃለ መጠይቁ ቀን የመጡትን ሽማግሌዎች አላውቃቸውም ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። አንዱ አጎቴ ነው። ሁለቱ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። ሊያማልዱኝ አይደለም የመጡት፣ ስለ ጠባዬ እነሱ የሚጠየቁ መስሏቸው ነው።»

አቶ ፈቃደ ግንባራቸውን ቋጠሩ። እሷ ፍርዷን ጠበቀች።

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?» አሉ።

«ያን ቀን… ዘበኛው ገብቶ…»

ወደ ወይዘሮ ሰገነት ዞሩ። «ሽማግሌ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«እኔ እንጃ» አሉ ወይዘሮ ሰገነት። «ስንቱ ይመጣል።»

ስልካቸው ጮኸ። አቶ ፈቃደ ስልኩን ወደ ጆሯቸው እየወሰዱ «ውጤቱ ጸድቋል እኮ፣ የኔ እህት። የጎደለሽ የቀበሌ ማስረጃ ነው። እሱን አምጪ» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ይኸው ነው። አንዲት ልጅ ለእናንተ ብላ አጎቷን ከካደች፣ አንድ ሽማግሌ ለእናንተ ብሎ በዕድሜው ያልዋሸውን ከዋሸ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው እንቅልፍ ካጣ፣ ቢያንስ አስታውሱት። ቂም ያዙ አላልኩም፤ አስታውሱት ነው ያልኩት። ሰው የሚፈራው ቢሮ፣ እሱን የሚፈራውን ሰው መልክ እንኳ አያውቅም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስትወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ አያትና «አንቺ» አላት። «ያ ረጅሙ ሽማግሌ ደህና ናቸው?»

ደረቀች። «ያስታውሷቸዋል?»

«ውሃ ሰጥቻቸው እኮ መርቀውኛል። ሌላ ሰልሚያ ነው የምንፈልገው ሲሉኝ እንደሚዋሹ ገብቶኝ ነበር። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበራ።»

እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረችው። አጎቴ ነው፣ የሰፈሬ ሽማግሌ ነው፣ እኔ ነኝ የካድኩት፣ እሳቸው ለእኔ ብለው ነው። ዘበኛው እስኪያልቅ ሰማት። «ሰላም በይልኝ» አላት።

ማታውን አባ ሀያቱ ዘንድ ገባች። እኔም ነበርኩ፤ ልጣላው ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

«ነገርኳቸው» አለችው። «አላስታወሱትም። ማንም አላስታወሰውም።»

አባ ሀያቱ ቀና ብሎ አያት። «ዘበኛውስ?»

«እሱ ያስታውሳል። ሰላም ብሎዎታል።»

«ለእሱ ነገርሽው? ማን እንደሆንን?»

«ሁሉንም።»

«አልሃምዱሊላህ። እኔ የዋሸሁት እሱን ነው፣ እነሱን መች አገኘኋቸው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ነገ ቀበሌ በጊዜ እንገናኝ፣ ባለ ሱቅ። ሱቅህን አርፍደህ ክፈት።» ለጠብ ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

በማግሥቱ ቀበሌ ወረፋው እስከ በር ነበር። ጀማሉ ዘመድ ስለሆነ አይገባም ተብሎ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቀረ። እኔ መሰከርኩ፣ ኡበይድ መሰከረ፤ ማዕዶት «እሺ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» እያለች አሳለፈችን። አባ ሀያቱ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን አልተቀበለም። ቆቡን አስተካክሎ ቆመ።

«ይቺን ልጅ ከልጅነቷ አውቃታለሁ» አለ። «አባቷ ሲሞት ወንድሞቿን አላስራበችም። ወፍጮ ቤት የአንዱን በርበሬ ከሌላው አትቀላቅልም፤ ድሃም ያስፈጭ ሀብታም፣ ተራውን ነው የምትጠብቀው። የተጣላ ሰው ሲያወራላት አታቋርጥም።»

«እሺ አባባ፣ ይበቃል» አለች ማዕዶት። ከኋላ ያሉት መነጫነጭ ጀምረዋል።

«አልጨረስኩም። አንድ ጊዜ ፈርታ ዋሽታለች።»

የማዕዶት እጅ ቆመ። ሰልሚያ አጠገቤ ነበረች፤ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ። ሰውዬው አሁን ገደላት፣ አልኩ በልቤ።

«ራሷን ለማዳን ሰው ክዳለች» አለ አባ ሀያቱ። «ከዚያ ማንም ሳያስገድዳት፣ ሥራዋን እንደሚያሳጣት እያሰበች ሄዳ አቃንታለች። የማውቀው ይህንን ነው። ሁሉንም ጻፊው።»

«ይሄም ይጻፍ?» አለች ማዕዶት፣ ሰልሚያን እያየች።

«ጻፊው እንጂ። ጠባይዋን አይደል የጠየቃችሁን?»

ማዕዶት ወረቀቱን አዞረችና አሳየችው። «አባባ፣ ይኸው፤ ‹መልካም ሥነ ምግባር ያላት መሆኑን እናረጋግጣለን› ነው የሚለው። ለሌላ ቦታ የለውም።»

አባ ሀያቱ ወረቀቱን በደንብ አየው። ማንበብ ይችላል፤ ቀስ ብሎ ነው። «ቦታ አትተዉም እንግዲህ» አለና ፈረመ። ማኅተሙ ተመታ። ሰልሚያ ያን ጊዜ ነው የያዘችውን ትንፋሽ የለቀቀችው፤ ከትንፋሹ ጋር ሳሉ መጣ፣ ወረፋው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ሳለች።

ጀማሉ አጥሩን ለቆ መጣ። «አስገቧችሁ? ሰሙ?»

«ሰሙ አጎቴ።»

«ሀያቱ ሁሉንም አለ?»

«ሁሉንም።»

«የዋሸሽውንም?»

«እሱንም።»

ጀማሉ የኋላ ኪሱ ውስጥ የነበረውን መሐረብ አውጥቶ አፏን እንድትጠርግ ሰጣት። «ወልቂጤም ቢያስገቡን እንዲሁ ደጉንም ክፉውንም ነበር የሚለው» አላት። «እሱን ሳስብ እኮ ነው እኔም ያን ቀን ስፈራ የነበረው።»